አሥራ አንድ ሰከንድ

የሰደበኝ አጎቴ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ ቦታው የዱቄት ፋብሪካው ቢሮ። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ዛሬም ብትጠይቁኝ በጣቴ እየጠቆምኩ አሳያችኋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ጣቱን ቀስሮብኝ፣ "ይሄ ልጅ እጀ እርጉም ነው፤ የነካው ነገር አይቃናም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ" አለ።

ሰዎች "ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት በሆድህ ትይዘዋለህ?" ይሉኛል። እንዲህ የሚሉት ያልተሰደቡት ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አባቴ ካሜራማን ነበር። ያኔ በከተማችን የፊልም ካሜራ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ምረቃ ሲኖር፣ አዲስ ሕንፃ ሲከፈት፣ ሀብታም ሲሞት የሚጠራው እሱ ነው። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ "ድምፅ ቀጂ" ይባል ነበር። ሥራው ግን ሣጥን መሸከምና ጥቁር መነጽር ማድረግ ነው። ቆንጆ ሰው ነበር፤ በሄደበት ሁሉ ሰው የሚከበው። እኔም እንደ እሱ መሆን ነበር የምፈልገው፤ ይሄን መደበቅ አልችልም።

የኔ ሥራ ቀዩን ናስትሮ መለጠፍ ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበትን ማለቴ ነው። ፊልሙ የሚመጣው በክብ ቆርቆሮ ነው፤ የተቀረጸበትም ያልተቀረጸበትም ቆርቆሮ መልኩ አንድ ነው። ከፍተህ እንዳትለይ ደግሞ ፊልም ብርሃን ካየ ሞተ። ስለዚህ አባቴ አንዱን ቀርጾ ሲጨርስ ቆርቆሮውን ይሰጠኛል፣ እኔ ክዳኑን ዙሪያውን በቀይ ናስትሮ አሽገዋለሁ። "ቀይ ያለው ጠግቧል፣ ቀይ የሌለው ርቦታል" ይለኝ ነበር። ካሜራውን የሚሞላው እጅጌ ባለው ጥቁር ከረጢት ውስጥ ነው። ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ በዳሰሳ ይሠራል። ቆርቆሮውን ወደ ከረጢቱ ከማስገባቱ በፊት ግን ጠርዙን በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ይዳብሰዋል። ናስትሮ ከነካው ይመልሳል፤ ካልነካው ያስገባል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ ሕግ አልነበረም።

ናስትሮውን የምቆርጠው በጥርሴ ነበር። የፊት ጥርሴ ወልቆ ስለነበር ሁልጊዜ ጫፉ ላይ እንደ ምላስ የወጣች ቁራጭ ትቀራለች። አባቴ "ፊርማህ" ይላታል። ያኔ በዓለም ላይ ከኔ የሚበልጥ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት ተቀበሩ። አባቴ ሁለት ቆርቆሮ ቀረጸ፤ አንዱ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ፣ ሁለተኛው መቃብሩ ላይ። ሁለተኛውን ሳሽግ ናስትሮው አለቀ። መሐሉ ላይ የቀረችውን የካርቶን ቀለበት እንደ አምባር እጄ ላይ አጠለቅኳትና ለአባቴ አሳየሁት።

"አባዬ፣ አለቀ።"

"ሰኞ እንገዛለን። ነገ የምንቀርጸውን ኮቴ ውስጥ ጠቅልለህ ትይዘዋለህ።"

ፊልሙ የሚታጠበው ሌላ ከተማ ነው፤ የሚሄደውም ሰኞ በሚነሳው አውቶቡስ ነበር። ስለዚህ ባለዱቄቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከነቆርቆሯቸው ሣጥናችን ውስጥ አደሩ።

እሑድ ኮንሰርቱ ነበር። ፀጉራቸውን እስከ ትከሻቸው ያሳደጉ አምስት ጎረምሶች ኳስ ሜዳው ላይ ሮክ ሊጫወቱ ነው ተባለ። መድረኩን የሠሩት በርሜል ደርድረው፣ በላዩ ጣውላ ረብርበው፣ ከላይ ሸራ ወጥረው ነው። አዘጋጁ "ውጭ አገር እንዲህ ያለውን በፊልም ያስቀሩታል" ብሎ አባቴን ቀጠረው። አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ መሬት አልረገጠም፤ የዘፋኙን የፀጉር አበጣጠር ሳይቀር አስመስሎ መጣ።

ጊታሩ ሲጀምር ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ "ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጋራዥ?" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ ይቀርጻል፤ እኔ ሌላ ሣጥን ላይ ቆሜ ጃንጥላ ይዤለታለሁ። ዝናቡ የጀመረው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ሸራው ውኃ አቁሮ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። ማይክሮፎኑ ከአንገቱ ተሰብሮ በሽቦው ተንጠለጠለ። ዘፋኙ እጁን ሲያወራጭ አየሁና ወዲያው አጎቴ ከመድረኩ ኋላ ብቅ አለ፤ ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አደረገና ድምፁ ተመለሰ። ዘፋኙ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አቀፈው። እኔ ኩራት ሊገድለኝ ደረሰ። ጎኔ ላለ ለማላውቀው ልጅ "አጎቴ ነው" አልኩት፤ እንዳልሰማ ሲሆንብኝ ደግሜ ነገርኩት።

አባቴ ፊልሙን ጨረሰ። የተቀረጸውን ሰጠኝ፣ ኮቱ ውስጥ ጠቀለልኩት። አጎቴ ሣጥኑን ይዞ እየሮጠ መጣና ከፈተለት። አባቴ እጁን ሰድዶ አንድ ቆርቆሮ አወጣ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገባው፣ ካሜራውን ሞላ። ጃንጥላውን ያዘነበልኩለት እኔ ነኝ። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ምንም ግን አላየሁም።

ወዲያው ሸራው ተቀደደና አንድ በርሜል የሚሆን ውኃ ከበሮ መቺው ላይ ተደፋ። ከድምፅ ማጉያው ብልጭታ ወጣ። ሕዝቡ አጥሩን ገፍቶ ጣለው። አንድ ውሻ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መድረኩ ላይ ወጥቶ ጊታሪስቱን እየዞረ ይጮኻል። የመድረኩ አንድ ጥግ ከበርሜሉ ተንሸራቶ ወረደና አምስቱም እንደ ድንች ወደ አንድ ጎን ተንከባለሉ፤ ዘፋኙ ግን ተኝቶም ይዘፍናል። በዚህ ሁሉ መሐል አባቴ ቀጥ አለ። ዓይኑ ካሜራው ላይ እንደተለጠፈ፣ ሳይነቃነቅ። "አባዬ፣ ምን አየህ?" አልኩት። ከዚያ በድንገት ካሜራውን ከማቆሚያው ነቀለና ትከሻው ላይ አድርጎ ከሣጥኑ ወረደ። ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ጭቃው፣ ወደ ገዛ ጫማው፣ መልሶ ወደ ሰማይ፤ ዞረ፣ ዞረ። ፊቱ በውኃ ርሶ ነበር።

ቤት እንደገባን ለእናቴ "እማዬ፣ አባዬ ደነሰ" አልኳት። እናቴ ሳቀች። አባቴ አልበላም።

ፊልሙ ታጥቦ የመጣው በዘጠኝ ቀኑ ነው። የፋብሪካው ሹፌር ከማጠቢያ ቤቱ በቀጥታ ተቀብሎ የቀብሩን ጥቅልሎች ወደ ቢሮው ወሰዳቸው። አባቴ የሟቹን የበኩር ልጅ፣ ሥራ አስኪያጁን፣ "መጀመሪያ እኔ ልየው" ብሎ ለመነው። "ምን ልትደብቀን ነው?" አለው። መጋረጃው ተዘጋ፣ ማሳያው በራ። ግድግዳው ሁሉ የዱቄት ሽታ ነበረው።

የመጀመሪያው ደህና ነበር፤ አለቀሱ፣ አባቴንም መረቁት። ሁለተኛው ሲጀምር መጀመሪያ የታየው ጊታር ነው። ከጊታሩ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሰዎች ተዘቅዝቀው ይሄዳሉ፤ ደግሞም ወደ ኋላ። የተቀረጸው ፊልም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ሳይጠቀለል ከመጨረሻው ጫፉ ካሜራው ውስጥ ስለገባ ቀብሩ ተገልብጦ፣ ኋላው ፊት ሆኖ ነበር የወጣው። አፈሩ ከጉድጓዱ ወደ አካፋው ይዘላል። ሣጥኑ ከመቃብር ይወጣል። ከሥር ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጨፍራል፤ ሣጥኑ በነዚያ እጆች ላይ እየተንሳፈፈ፣ ውሻው እየጮኸበት፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ዓይናቸው የደከመው የሟቹ ባለቤት ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ "አባታችሁ ሊመጣ ነው እንዴ?" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ማሳያውን አጠፋው። "ማነው ይሄን ያደረገው?" አለ። ድምፁን አላነሳም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አባቴ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ያኔ ነው አጎቴ ጣቱን የቀሰረው። "የጠገበውን ካልጠገበው የሚለየው በናስትሮ ነው፤ ናስትሮ የሚለጥፈው እሱ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ናስትሮ አልነበረም" አለና መጀመሪያ የነገርኳችሁን ስድብ አስከተለ።

እኔ የካርቶን ቀለበቷን እጄ ላይ እንዳጠለቅኩ ነበርኩ። እጄን አንስቼ "አባዬ፣ እኔ ግን ለጥፌ..." ስል አባቴ ማጅራቴን ያዘኝና ጫን አደረገኝ። "ልጅ ነው፤ ይቅር በሉት" አላቸው።

ያን እጅ ለብዙ ዓመት እንደ ጥላ ነበር የማስታውሰው። አባቴ ያዳነኝ ይመስለኝ ነበር።

ይቅር አላሉንም። የሞተ አባታቸውን ዘቅዝቆ ያስጨፈረ ካሜራማን ተብሎ ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የሚጠራው ጠፋ። ካሜራውን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለና አውቶቡስ ተራ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነ። እኔ ደግሞ እጀ እርጉም ሆኜ ቀረሁ። ስሜ ነው ማለት ይቻላል። የአጎቴ ሚስት ስትወልድ ሕፃኑን ልታቀፍ እጄን ብዘረጋ "ተው፣ ተው አንተ" ብላ በሣቅ ወሰደችብኝ። የአክስቴ ልጆች ብርጭቆ ስጨብጥ "አምስት፣ አራት፣ ሦስት..." ብለው ይቆጥራሉ፤ ሲቆጠርብህ ደግሞ በእርግጥም ይወድቃል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተውኩና ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ጎማ ቀድሞውኑ የተበላሸ ስለሆነ የሚመጣው እጄን የሚፈራ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ማመኔ ነው። ለጥፌ እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ዘጠኝ ትልልቅ ሰው አልለጠፍክም ካለው፣ ከጊዜ በኋላ አለመለጠፉን ማስታወስ ይጀምራል። እኔ አስታወስኩ። ናስትሮው እርጥብ ነበር፣ በደንብ አልጫንኩትም፣ ተላጠ፤ ራሴ ፈጥሬ ራሴ አመንኩ። አባቴ ሊሞት ሲል፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እጄን ይዞ "ልጅ ይረሳል ብዬ ነበር" አለኝ። ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፈው ብዬ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩለት።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ጎሚስታ ቤቴ መጣ። ጎማው ደህና ነው። ስለ አባቴ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ የቆርቆሮዎቹ ክዳን ቤት ውስጥ ይኖር ይሆን? ባዶም ቢሆን።"

"ባዶ ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል?"

"እኛ የድሮ ፊልም ሰብሳቢዎች ነን" አለኝ፤ በሽታው ስም እንዳለው ሰው በኩራት።

ፋብሪካው አልፈልግም ያለውን ያን ፊልም የኮንሰርቱ አዘጋጅ ወስዶት ኖሯል፤ እሱ ሲሞት ልጆቹ ዕቃ ሲያወጡ ቆራሌው ይዞት ሄዶ፣ ከሱ እጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እነዚህ ሰዎች ዘንድ ደርሷል። ሰብሳቢው ቤቱ ወሰደኝ። አንድ ክፍል ሙሉ መደርደሪያ፣ መስኮቱ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነ፣ ቅዝቃዜው የሥጋ ማቆያ የሚመስል።

"ያለው አራት ኮፒ ብቻ ነው" አለኝ። "ሦስተኛው ላይ ጭረት አለበት፤ እሱ ይበልጥ ይፈለጋል።"

"ጭረት ያለበት?"

"ሌሎቹ የላቸውማ።"

አልሳቅኩም። እሱም የሚቀልድ አልነበረም። "ጋሼ፣ ጥርት ያለ ኮንሰርት የቀረጸማ ስንቱ ነው፤ የሚያስታውሰው የለም። የዚህ ውበቱ ብልሽቱ ነው። ዝናቡ፣ ውሻው፣ ያ ከሰማይ የሚመጣው ሬሳ ሣጥን። አጎትዎ በቃለ መጠይቃቸው አስረድተዋል እኮ፤ 'ሕይወትንና ሞትን ሆን ብዬ አነባበርኳቸው' ብለዋል። ሐሳቡ የሳቸው ነው።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ተመልሶ ሲላጥ ግን አይቼ አላውቅም። ጥፋት በነበረበት ጊዜ የኔ ነበር። ጥበብ ሲሆን የሱ ሆነ።

ከዚያ ፊልሙን አሳየኝ፤ ከዚያ ቢሮ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አቆመው። "ይቺን ነው ማንም ያልፈታት። መድረኩ እየፈረሰ፣ ሰው እየተረጋገጠ፣ ካሜራው ማይክሮፎኑ ላይ ይጠጋና አሥራ አንድ ሰከንድ ይቆማል። ፍንክች አይልም። ከዚያ በኋላ ነው እብደቱ የሚጀምረው። ለምን? እኛ ስንጨቃጨቅበት ዓመታችን ነው።"

ግድግዳው ላይ ማይክሮፎኑ የሰው ቁመት ያህል ሆኖ ቆሟል። አንገቱ በቀይ ናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ ላይ እንደ ምላስ የወጣች ቁራጭ ነበረች።

ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ውኃ ላምጣልዎ አለኝ።

አጎቴ ለዘፋኙ ብሎ ናስትሮውን ከቆርቆሮው ልጦታል። ይሄ አንድ ነው፤ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ትልቅ ድል እቆጥረው ነበር። ነገር ግን ማይክሮፎኑ ላይ ያለውን ናስትሮ መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም። አባቴ ነው። ናስትሮው ቅዳሜ ማለቁን ያውቃል፤ ቀለበቷን አሳይቼዋለሁ። ፊርማዬን ያውቃል። በካሜራው ውስጥ ቀይ ነገር አየ፣ ተጠጋ፣ ያ ናስትሮ ከየት እንደመጣ ገባው፤ በዚያች ደቂቃ ደግሞ ካሜራው ሆድ ውስጥ እያለፈ ያለው ምን እንደሆነ ገባው። አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጭፈራ አልነበረም።

እና አውቆ፣ ዘጠኝ ቀን አውቆ ኖሮ፣ በአሥረኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ማጅራቴን ያዘ። እናቱ ስትሞት "ታናሽህን አደራ" ብላው ነበር፤ ይሄን ቤታችን ውስጥ ያልሰማ የለም። ወንድሙ ከተማው ውስጥ ስም አለው፣ ሚስት ሊያገባ ነው። እኔ ልጅ ነኝ። ልጅ ይረሳል። ሂሳቡ ይኸው ነበር፤ ከንፈሬ ላይ የነበረውን ቃል በጣቱ መልሶ ያስዋጠኝም እሱ ነው።

ሰብሳቢው እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ በአዳራሽ እንደሚታይ፣ አጎቴም የክብር እንግዳ እንደሆነ ነገረኝ። "ይምጡ፤ ምናልባት እርስዎ የሚያስታውሱት ነገር ካለ።" የማደርገውን ሳላውቅ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። አብዛኛው ያኔ ያልተወለደ ነው። ሬሳ ሣጥኑ ከሰማይ ሲወርድ አጨበጨቡ። መብራት ሲበራ አጎቴ መድረኩ ላይ በቆዳ ወንበር ተቀምጧል፤ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ መነጽሩ አሁንም ጥቁር ነው። ስለ ሞትና ስለ ሕይወት ተናገረ። አነጋገር ያውቅበታል። አባቴን አንድ ጊዜ ጠቀሰው፤ "ካሜራውን ይይዝልኝ የነበረው ወንድሜ" ብሎ።

አንዲት ልጅ ተነሥታ ስለ ማይክሮፎኑ ጠየቀች። አጎቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሰብሳቢው ቀደመ። "ዛሬ ሌላም እንግዳ አለን። የካሜራማኑ ልጅ እዚህ ናቸው፤ ያን ዕለት አባታቸው አጠገብ ጃንጥላ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ ካሜራው ለምን እንደቆመ ያውቃሉ?"

ሰው ሁሉ ዞረ። አጎቴ መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑን ካየሁት ስንት ዘመኔ። አንዴ ወደ ማይክሮፎን አምጪው፣ አንዴ ወደ እኔ አየና ፈገግ አለ። "የወንድሜ ልጅ ነው" አላቸው። "ገና ምኑም ያልገባው ልጅ ነበር። ናስትሮ ለጣፊያችን።" ሳቁለት።

ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ደረሰ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። አጎቴን ለማፍረስ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ግን እሷን ስጨርስ ሁለተኛዋ መምጣቷ አይቀርም፦ ታዲያ አባትዎ ካወቁ ለምን ዝም አሉ? ብለው ይጠይቁኛል። እነዚህ ሰዎች ሳይጠይቁ አያልፉም፤ ጭረት ነው የሚወዱት። አባቴንም ከአራቱ ኮፒ ጋር መደርደሪያ ላይ ያወጡታል። እሱን ለማዳን ዝም እላለሁ ብዬም አይደለም፤ አልማርኩትም። የሚሰማኝ ሰው ግን እዚያ አልነበረም። አንዱ ከመቃብር አይመጣም፤ ሌላው መነጽር አውልቆ ይስቃል።

"ጋሼ?" አለ ሰብሳቢው።

ማይክሮፎኑን ጎኔ ለተቀመጠው ሰው ሰጠሁት። ተነሣሁ። መደዳው ጠባብ ስለነበር ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉኝ፤ አንዷ "ይቅርታ" አለችኝ፣ የኔን ቃል ቀምታ። መተላለፊያው ላይ ስደርስ ከኋላዬ የአጎቴ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገና "እኔ ልመልስላችሁ፤ እሱ መቼም አይናገርም" አለ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ይሰማው ጀመር። በሩን ገፍቼ ወጣሁ።